ወርድ ላይ ቤት ያስተካከልኩት ጽሑፍ ፕሪንት ቤት ሲከፈት ለምን ይፈርሳል? ባዶ ገጹስ እንዴት ነው የሚጠፋው?

ማሂ_ሳቢያን፦

ሰላም ናችሁ የድሬ ሰዎች፣ ወርድ የገባው ሰው ካለ እስቲ ድረሱልኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ቤት ላፕቶፔ ላይ ጨርሼ፣ ገጽ በገጽ አይቼ፣ በቃ ልክ ነው ብዬ በፍላሽ ይዤ ከዚራ ወረድኩና ፕሪንት ቤት ስናስከፍተው ሌላ ሰው የጻፈው ነው የሚመስለው። ሽፋኑ ላይ ስሜ ከመሀል ተነስቶ ወደ ቀኝ ሸሽቷል፣ ማውጫው ላይ የገጽ ቁጥሮቹ አንዱ ገባ አንዱ ወጣ ብለዋል፣ አባሪ ላይ ያስገባሁት የትብብር ደብዳቤ ደግሞ "ቁጥር" እና "ቀን" የሚሉት ተለያይተው ቀኑ ታች መስመር ላይ ብቻውን ቁጭ ብሏል። ልጁ "ፋይልሽ ነው" ይለኛል፣ እኔ "ኮምፒውተርህ ነው" እለዋለሁ፣ በዛ ሙቀት ቬንትሌተሩ ስር ተጨቃጭቀን ሳላሳትም ወጣሁ።

ሌላም አለ። ምዕራፍ አራት ላይ ወረቀቱን አጋድሜ (ላንድስኬፕ አርጌ) ያስገባሁት ትልቅ ቴብል አለ፣ ከሱ ቀጥሎ ባዶ ገጽ መጥቶ ተገትሯል፣ ዲሊት ብለው ባክስፔስ ብለው ወይ ፍንክች። አንዳንድ መስመሮች ላይ ደግሞ ሦስት አራት ቃል ብቻ እያለ ከዳር እስከ ዳር ተለጥጠው በመሀላቸው ባጃጅ ያሳልፋሉ።

አንድ ጓደኛዬ "ሆም ላይ ያቺን የተገለበጠች ፒ የምትመስለውን ተጫኚ" ብሎኝ ስጫናት ገጹ ሁሉ ነጠብጣብና ቀስት በቀስት ሆነብኝና ይባስ ብላሽቼው እንዳይሆን ብዬ ቶሎ አጠፋኋት። ምንድናት እሷ ነገር? ፕሪንት ላይ ትወጣለች እንዴ?

ሰማያዊ_ባጃጅ፦

አቦ ፒዲኤፍ አርጊውና ተገላገዪ! ፒዲኤፍ የትም ይዘሽው ብትሄጂ አይነቃነቅም።

ማሂ_ሳቢያን፦

ፒዲኤፉን አውቀዋለሁ ወንድሜ፣ ግን አማካሪዬ በወርድ ላኪልኝ እያሉ ነው፣ እዛው ላይ ነው የሚያርሙት። ደግሞ ባዶ ገጹ ፒዲኤፍ ሲሆንም ባዶ ገጽ ነው እኮ፣ የተለጠጠውም እንደተለጠጠ ነው 😅

ኪቦርድ_ዘከዚራ፦

ማሂ ያቺን ፒ መልሰሽ ክፈቻት፣ የጠየቅሽው ሁሉ መልሱ እሷ ውስጥ ነው። ሆም ላይ ፓራግራፍ የሚለው ክፍል ውስጥ ናት፣ በኪቦርድ ከሆነ ኮንትሮል ሺፍት 8። ፕሪንት ላይ አትወጣም፣ ምንም አታበላሽም፣ ስትፈልጊ በዛችው ቁልፍ ታጠፊያታለሽ። የምታያቸው ነጠብጣቦች አዲስ የመጣ ነገር አይደሉም፣ አንቺው ስትጽፊ የመታሻቸው ቁልፎች ናቸው። ስፔስ፣ ታብ፣ ኢንተር እያልሽ ስትሄጂ ወርድ ሁሉንም ይዟቸዋል፣ ሳትጠይቂው ግን አያሳይሽም።

አሁን ክፈቺና ሽፋኑን እዪ። ከስምሽ በፊት ነጥቦች እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ካላገኘሽ ቡናው በኔ ነው። እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ስፔስ ናት። ስምሽን መሀል ያስገባሽው በስፔስ ገፍተሽ ነው ማለት ነው፣ ያ ደግሞ የሚሠራው ያንቺ ላፕቶፕ ላይ ባለው ፎንት ብቻ ነው፣ ምክንያቱም የስፔስ ስፋት ከፎንት ፎንት ይለያያል። ፕሪንት ቤቱ ያንቺ ፎንት ከሌለው ወርድ ሳይጠይቅሽ በሌላ ይተካዋል፣ የስፔሶቹ ስፋት ይቀየራል፣ እነሱ ላይ የተደገፈው ስምሽም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ልጁም እውነቱን ነው አንቺም እውነትሽን ነው። ነጥቦቹን በሙሉ አጥፊና ስሙ ላይ ሆነሽ ኮንትሮል ኢ በዪ፣ ከዛ በኋላ ፎንቱ ቢቀየርም መሀል ነው የሚቀመጠው።

ማውጫውም ያው ነው፣ በእጅሽ ነጥብ እየደረደርሽ የሠራሽው ይመስለኛል። የሚሻለው ርዕሶችሽን ሄዲንግ 1 ሄዲንግ 2 እያልሽ መሰየምና ሪፈረንስ ከሚለው ገብተሽ ማውጫውን ራሱ እንዲሠራው ማድረግ ነው፣ ገጽ ሲቀያየር ቀኝ ክሊክ አርገሽ አፕዴት ትዪዋለሽ አለቀ። በእጄ ነው የምሠራው ካልሽ ግን በየመስመሩ አንድ ታብ ብቻ ይኑር (ወደ ቀኝ የምታይ አንዲት ቀስት ሆና ትታይሻለች)፣ ከዛ በታብ መቼቱ ቀኝ ዳር ላይ የቀኝ ታብ አስቀምጪና ነጥብ ነጥብ የሚለውን ምረጪለት። አንድ መስመር ላይ ቀስት ተከታትሎ ካየሽ አንድ ሰው በጭፍን ታብ ሲመታ ነበር ማለት ነው።

የተለጠጠው መስመር ደግሞ ሌላ ነው። መጨረሻው ላይ ምን አለ? ¶ ነው ወይስ ወደ ግራ የታጠፈች ቀስት ↵? ቀስት ከሆነች ሺፍት ኢንተር ናት፣ መስመሩን ትቆርጠዋለች እንጂ አንቀጹን አትዘጋውም። ወርድ ደግሞ ጀስቲፋይ ሲያረግ የአንቀጽ የመጨረሻ መስመርን ይተዋል፣ ሌላውን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ይወጥራል። በሱ ቤት አንቀጹ ገና አላለቀም፣ ስለዚህ ሦስቱን ቃል ይወጥራቸዋል። አንቺ መትተሻት ላይሆን ይችላል፣ ከዌብሳይት ኮፒ የተደረገ ነገር ብዙ ጊዜ እሷን ይዞ ይመጣል። ቀስቷን አጥፍተሽ ኢንተር ምቺባት፣ ወይ መስመሩን የግድ እዛው አንቀጽ ውስጥ ማቆየት ከፈለግሽ ከቀስቷ በፊት አንድ ታብ አስገቢ፣ መወጠሩን ያቆማል።

ባዶ ገጹ ላይ ምን እንደሚታይሽ ጽፈሽ ላኪ፣ ሳላይ አልፈርድም። እስከዛ እዛ ገጽ ላይ ምንም እንዳትነኪ።

ማሂ_ሳቢያን፦

ኧረ ጉንዳን በጉንዳን ነው ሽፋኑ 😂 ቡናው ቀረብኝ። የተለጠጡት መስመሮች ላይም ቀስቷ አለች፣ ሁሉም ከኢንተርኔት ያመጣኋቸው ትርጓሜዎች ናቸው።

ግን መልስህን ሳላነብ ባዶ ገጹ ላይ አንድ ¶ እና ድርብ የነጥብ መስመር ሴክሽን ብሬክ (ኔክስት ፔጅ) የሚል ጽሑፍ አይቼ፣ ይሄ ነው ጠላቴ ብዬ ዲሊት አልኩት። ባዶ ገጹ ጠፋ፣ ግን ተጋድሞ የነበረው የቴብሉ ገጽ ቀጥ ብሎ ቆመና የቴብሉ ቀኝ ግማሽ ከወረቀቱ ውጪ ወጣ። አሁን ምን ላድርግ??

ኪቦርድ_ዘከዚራ፦

ኮንትሮል ዜድ። አሁኑኑ፣ ሴቭ አርገሽ ሳትዘጊው።

ተመለሰልሽ? እሺ። አየሽ ሴክሽን ብሬክ የሚይዘው ከሱ በላይ ያለውን ክፍል ነው። ወረቀቱ ይጋደም ይቁም፣ ማርጂኑ ስንት ነው፣ ሄደርና ፉተሩ ምንድነው፣ የገጽ ቁጥሩ ከስንት ይጀምራል፣ ይሄ ሁሉ ያለው በዛች ድርብ መስመር ውስጥ ነው። እሷን ስታጠፊ ላይኛው ክፍል የራሱ የሆነ ነገር አይኖረውም፣ ከታች ካለው ጋር ይቀላቀልና የታችኛውን መልክ ይወስዳል። ያንቺ የታችኛው ቀጥ ያለ ገጽ ስለሆነ ቴብሉም ቀጥ አለ። ከቴብሉ በፊት ያለችውን ብታጠፊ ኖሮ ደግሞ በተቃራኒው ከቴብሉ በፊት ያለው ምዕራፍ በሙሉ ይጋደምልሽ ነበር። ከማውጫው በኋላ ያለችውንም እንዳትነኪ፣ የመጀመሪያ ገጾችሽ የሮማን ቁጥር የያዙት በሷ ነው።

ታዲያ ባዶውን ገጽ ያመጣው ብሬኩ ሳይሆን አጠገቡ ያለችው ¶ ናት። ወርድ ከቴብል በኋላ የግድ አንድ ¶ ይፈልጋል፣ ቴብሉ ገጹን ጥርቅም አድርጎ ከሞላው እሷ ቦታ ታጣና ወደ ቀጣዩ ገጽ ትወድቃለች፣ ብሬኩንም ይዛው ትሄዳለች። አትጠፋም፣ ማሳነስ ግን ይቻላል። ምረጫትና የፎንት መጠኗን 1 አርጊ፣ ፓራግራፍ ውስጥ ገብተሽ ከላይና ከታች ያለውን ክፍተት 0፣ የመስመሩን ርቀት ኤግዛክትሊ 1 አርጊው። ተመልሳ ቴብሉ ስር ትገባለች። አሁንም እምቢ ካለች ቴብሉ ውስጥ የአንዱን ረድፍ ቁመት ትንሽ ቀነስ አድርጊው።

ጋሽ_ኦሊቬቲ፦

ልጆቼ እኔ ከሐረር ነኝ፣ ዕድሜዬን በጸሐፊነት ነው የጨረስኩት፣ ስለ ደብዳቤዋ አንድ ነገር ልበል። ይሄ በስፔስ መግፋት የመጣው ከታይፕ ነው። ኦሊቬቲ ላይ ሁሉም ፊደል እኩል ቦታ ነው የሚይዘው፣ ስፔሱም እንደዛው፣ ስለዚህ "ጉዳዩ" የሚለውን መሀል ለማስገባት የርዕሱን ፊደል ትቆጥራለህ፣ ከመስመሩ ላይ ትቀንሳለህ፣ ለሁለት ታካፍላለህ፣ ያን ያህል ስፔስ ትመታለህ። አንዲት ነጥብ አይዛነፍም ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ እጃችን ያንኑ ይዞ መጣ፣ እኛ ያስተማርናቸውም እንደኛው ሆኑ። ስለዚህ ልጅቷ ላይ አትፍረዱ።

"ቁጥር" እና "ቀን" ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ወደ ቀኝ አሰልፍ የሚለውን ይጫንና ሁለቱ መስመሮች አጀማመራቸው አንድ አይሆንም፣ ቁጥሩ ረዘም ካለ ወደ ግራ ይገባል፣ ቀኑ ደግሞ ወደ ቀኝ ይቀራል፣ ያስጠላል። ትክክለኛው ሁለቱን መስመሮች መርጠሽ ላይ ባለው ሩለር (ማስመሪያ) ግራ በኩል ያለችውን ትንሿን አራት ማዕዘን ይዘሽ እስከምትፈልጊው ድረስ መጎተት ነው። ሁለቱም ከአንድ ቦታ ይጀምራሉ፣ አንድም ስፔስ አያስፈልግም። ፒዋን ከፍተሽ ስታዪው ከ"ቁጥር" በፊት ባዶ መሆን አለበት፣ አንዲት ነጥብ እንኳን መኖር የለባትም።

በነገራችን ላይ ይሄ የተደበቀውን ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ወርድ ፐርፌክት የሚባል የጽሑፍ ፕሮግራም ነበረ፣ በዶስ የሚሠራው 5.1 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፣ እሱ ላይ ኦልት እና ኤፍ3 ስትነካ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈልና ከታች ኮዱን ያሳይሃል፣ ቦልድ እዚህ ተከፈተ፣ እዚህ ተዘጋ እያለ። ጥፋት ካለ ኮዱን ፈልገህ ትነቅለዋለህ። ከሱ ወደ ወርድ የተሻገርን ሰዎች "ኮዱ የታለ?" ብለን ስንት ጊዜ ፈልገናል። ወርድ እንደዛ አይሠራም፣ የአንቀጹ መልክ በሙሉ የተቀመጠው አንቀጹ መጨረሻ ላይ ባለችው ¶ ውስጥ ነው።

ማሂ_ሳቢያን፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የሩለሩን እንደነገሩኝ ሞክሬ ቀጥ ብሎልኛል። ግን የመጨረሻዋን አልገባችኝም፣ መልኩ ¶ ውስጥ ነው ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?

ጋሽ_ኦሊቬቲ፦

እንዲህ ነው ልጄ። አንድ ርዕስ አለሽ እንበል፣ መሀል የተቀመጠ። ከሱ በታች ተራ አንቀጽ አለ፣ ከግራ የሚጀምር። አሁን ርዕሱ መጨረሻ ላይ ያለችውን ¶ ብቻ አጥፊያት። ሁለቱ ይጣበቃሉ፣ ይሄ የሚጠበቅ ነው። ግን የተጣበቀው ነገር የማንን መልክ ይይዛል? ብዙ ጊዜ የሚይዘው ያቺን የቀረችውን ¶ መልክ ነው። ሰዎች "አንድ ኢንተር ባጠፋ አንቀጹ በሙሉ ተቀየረብኝ፣ ወርድ አበደ" የሚሉት ይሄን ነው። አላበደም።

ኮፒ ስታደርጊም ያው ነው። ከሌላ ሰው ዶክመንት አንቀጽ ስትወስጂ ¶ን ጨምረሽ ከመረጥሽ የሰውየው ኢንደንት (አንቀጹ ከዳር የሚገባበት ልክ)፣ የመስመር ርቀት፣ ቁጥር መስጫው ሁሉ አብሮ ይመጣል። ጽሑፉን ብቻ ከፈለግሽ ¶ ጋ ሳትደርሺ አቁሚ። ለዚህ ነው ፒዋ ሳትከፈት ኮፒ አታድርጉ የምለው።

ነምበር_ዋን፦

ሁላችሁም ልክ ናችሁ ግን አቦ ሁሌ ክፍት አድርጎ መጻፍ የሚባለው ነገር እኔን አይመቸኝም፣ አይኔ ይደክማል፣ አማርኛ ላይ ደግሞ በየቃሉ መሀል ያቺ ነጥብ ስትገባ ሁለት ነጥብ ያለበት የድሮ መጽሐፍ የማነብ ይመስለኛል። እኔ ዘግቼ እጽፋለሁ፣ ሲጣመም ብቻ እከፍታታለሁ።

የጀጎል_ልጅ፦

ዋሪያ እሱ እኮ ልክ ሞተሩ ሲጮህ ብቻ ኮፈኑን መክፈት ነው። ለማንኛውም መሀል መንገድ አለ። ፋይል ኦፕሽን ዲስፕሌይ ግባ፣ ሁልጊዜ አሳይ የሚለው ስር ታብና ¶ ብቻ ምልክት አድርግባቸው፣ ስፔሱን ተወው። ነጥቧ ትጠፋለች፣ ዋናዎቹ ይታያሉ። (ፒዋን አጥፍቼ እንኳን አልጠፋ አሉኝ የሚል ሰውም መልሱ እዛው ነው፣ እዛ ምልክት የተደረገበት ነገር በቁልፏ አይጠፋም።) አንድ ነገር ግን፣ የመጨረሻውን ገጽ ቆጠራ ስታዩ ዝጓት። ሂድን ቴክስት (የተደበቀ ጽሑፍ) የሚባል ነገር ዶክመንቱ ውስጥ ካለ ፒዋ ስትከፈት እሱም ቦታ ይዞ ይታያል፣ መስመሩን ይገፋዋል፣ ያኔ የምታዩት ገጽ ፕሪንት ከሚወጣው ጋር ላይገጥም ይችላል።

ማሂ አንቺ ፎንትሽ ምንድነው? ናይላ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። ናይላ ከቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ ነበር፣ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን አዲስ የተጫነ ኮምፒውተር ላይ ላይኖር ይችላል፣ ሴቲንግ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ከሚለው የኢትዮጵያ ፎንት ማሟያውን ካልጨመርሽ። በሱ ፈንታ ኢብሪማ ነው የሚገኘው፣ የፊደሉ ስፋት ደግሞ አንድ አይደለም። ፓወር ግዕዝ ያልተጫነበት ቤት ሲሆንም እንደዛው። ሁለት ነገር አድርጊ፣ አንደኛ ፋይል ኦፕሽን ሴቭ ውስጥ ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ አብረህ ክተት የሚል አለ፣ ምልክት አድርጊበት፣ ፋይሉ ትንሽ ይወፍራል እንጂ ፎንቱ ከፈቀደ ፕሪንት ቤቱም ጋ አብሮሽ ይሄዳል። ሁለተኛ ለአማካሪሽ ወርዱን ላኪ፣ ለፕሪንት ግን ባጃጁ እንዳለው ፒዲኤፉን ያዢ። እሱ ላይ ተሳሳተ ማለት አይቻልም።

ሰማያዊ_ባጃጅ፦

በመጨረሻ ሰው አደመጠኝ 😎

የጀጎል_ልጅ፦

😂 እሺ። አማርኛ ላይ ብቻ የሚያጋጥም አንድ ነገርም ልጨምር፣ ፒዋ ሳትከፈት የማይታይ። አራት ነጥቡ ለብቻው ተነጥሎ መስመር መጀመሪያ ላይ ቁጭ ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከሱ በፊት ስፔስ ስላለ ነው። ብዙ ሰው "ነው ።" ብሎ ነው የሚጽፈው። ወርድ መስመሩን ስፔስ ላይ መቁረጥ ይችላል፣ ስለዚህ ቃሉን እዚህ አስቀርቶ ።ን ወደ ታች ይልከዋል። ኮንትሮል ኤች (ፈልግና ተካ) ብላችሁ ከላይ ስፔስና ።፣ ከታች ። ብቻ ጽፋችሁ ሁሉንም ተካ በሉት። በዛው እጃችሁ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየመታችሁ አራት ነጥብ ያስመሰላችሁትንም "፡፡" በ"።" ተኩት፣ ሲታይ አንድ ይመስላል እንጂ ለኮምፒውተሩ አንድ አይደለም፣ ። ብላችሁ ስትፈልጉ አያገኘውም።

በተቃራኒው ደግሞ እንዳይለያዩ የምትፈልጓቸው አሉ። "2016" እዚህ መስመር ላይ ቀርቶ "ዓ.ም" ታች ሲወርድ፣ ወይም "ብር" እና ቁጥሩ ሲለያዩ። መሀላቸው ላይ ተራ ስፔስ ሳይሆን ኮንትሮል ሺፍት ስፔስ ምቱ፣ ነጥቧ ፈንታ ዲግሪ የምትመስል ትንሽ ክብ ° ትታያለች፣ ከዛ በኋላ ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚሄዱት።

ሊብሬኦፊስ የምትጠቀሙ ካላችሁ ቁልፉ ኮንትሮል ኤፍ10 ነው፣ የቀረው ብዙም አይለይም።

ማሂ_ሳቢያን፦

ናይላ ነው፣ በምን አወቅክ! ባዶ ገጹም በ1 ቁጥሯ ጠፍቷል፣ ቴብሉም እንደተጋደመ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ አንዳንድ መስመር ጎን ግራ ማርጂኑ ላይ ትንሽዬ ጥቁር ካሬ አለች፣ መርጬ ላጠፋት ብል አትመረጥም። ምንድናት? ከሷ በላይ ደግሞ ግማሽ ገጽ ባዶ የሆነበት ቦታ አለ።

ኪቦርድ_ዘከዚራ፦

እሷ የመታሻት ቁልፍ አይደለችም፣ አንቀጹ ላይ ያለ ትእዛዝ ምልክት ናት፣ ለዛ ነው የማትመረጠው። ሄዲንግ ላይ ከሆነች ተያት፣ "ከቀጣዩ አንቀጽ ጋር አብረህ ሁን" ማለት ናት፣ ርዕሱ ገጽ ስር ብቻውን ቀርቶ ጽሑፉ ማዶ እንዳይሻገር። የምትጠቅም ነገር ናት።

ችግር የሚሆነው ተራ አንቀጾች ላይ ተደርድራ ስትገኝ ነው። አንዱ አንቀጽ ከቀጣዩ አልለይም ይላል፣ ያም ከቀጣዩ፣ ሁሉም ተያይዘው አንድ ገጽ ላይ አልበቃ ሲሉ ወርድ ጠቅልሎ ወደሚቀጥለው ገጽ ይወረውራቸዋል፣ ግማሽ ገጽሽ ባዶ የቀረው በዛ ነው። ተራ ጽሑፍን በስህተት ሄዲንግ ብሎ መሰየም ዋናው ምክንያት ነው፣ አይተሽ ከሆነ ወደ ኖርማል መልሺው። እሱ ካልሆነ ደግሞ አንቀጾቹን መርጠሽ ፓራግራፍ ውስጥ ላይን ኤንድ ፔጅ ብሬክ ከሚለው ኪፕ ዊዝ ኔክስትን አንሺ፣ ካሬዋ ወዲያው ትጠፋለች። ማንም በእጁ ምን እንዳደረገ የማይታወቅ አንቀጽ ካለ መርጠሽ ኮንትሮል ኪው በዪ፣ የአንቀጹን ተጨማሪ ነገር ሁሉ አራግፎ ወደ ስታይሉ (ሄዲንግ ወይ ኖርማል ተብሎ ወደተሰየመበት መልክ) ይመልሰዋል። ይሄን ግን ያ የሩለር ሥራሽ ላይ አትሞክሪው፣ እሱንም ያራግፈዋል።

የደቻቱ_ልጅ፦

እዚሁ ላይ ልጠይቅና፣ እኔ ከፒዲኤፍ ላይ የቀዳሁት አማርኛ ወርድ ላይ ሳስገባው እያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ¶ አለ፣ ጀስቲፋይ ስለው ምንም አይሆንም፣ መስመሮቹ አጭር አጭር ሆነው ይቀራሉ። ገጹ ብዙ ነው፣ አንድ በአንድ ባጠፋ ፋሲካ ይደርሳል።

የጀጎል_ልጅ፦

አንድ በአንድ አታጥፋ። እያንዳንዱ መስመር ለወርድ ራሱን የቻለ አንቀጽ ስለሆነ ነው ጀስቲፋይ የማይሠራው፣ የመጨረሻ መስመርን አይወጥርም ተብሏል አይደል ከላይ፣ ያንተ ሁሉም የመጨረሻ መስመር ነው።

በመጀመሪያ ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ አድርግና በኮፒው ሥራ። ኮንትሮል ኤች። ¶ን ወርድ እንዲፈልግልህ ^ (6 ላይ በሺፍት የምትገኘው) እና ቀጥላ የእንግሊዝኛዋን ትንሿን ፒ ትጽፋለህ፣ እኔ እዚህ ^ፒ እላታለሁ። በእውነተኛ አንቀጾች መሀል ብዙ ጊዜ ሁለት ¶ ተከታትለው ነው የሚመጡት፣ ስለዚህ መጀመሪያ ^ፒ^ፒ የሚለውን ጽሑፍህ ውስጥ በፍጹም በሌለ ነገር ተካው፣ እኔ ቀቀቀ ነው የምጠቀመው። ቀጥሎ የቀሩትን ^ፒ በሙሉ በአንድ ስፔስ ተካ። መጨረሻ ላይ ቀቀቀን መልሰህ በ^ፒ ተካው። ቅደም ተከተሉን ካገላበጥከው ሙሉ መጽሐፉ አንድ አንቀጽ ይሆንልሃል፣ ያኔ ኮንትሮል ዜድ ነው።

¶ ሳይሆን የታጠፈችው ቀስት ከሆነች በፒ ፈንታ ትንሿን ኤል ነው የምትጽፈው። ከዚያ ወዲያ የተደራረበ ስፔስ ካየህ ሁለት ስፔስ በአንድ ተካ፣ ዜሮ ተካሁ እስኪልህ ድረስ ደጋግመው።

የደቻቱ_ልጅ፦

ዋሪያ ሠራ!! ጀስቲፋዩም ልክ ሆነ። ግን ንዑስ ርዕሶቹ ከሥራቸው ካለው አንቀጽ ጋር ተጣበቁብኝ፣ "የጥናቱ ዓላማ የዚህ ጥናት ዋና…" ብሎ ይቀጥላል።

የጀጎል_ልጅ፦

ርዕሱና ጽሑፉ መሀል ፒዲኤፉ ላይ ክፍተት ስላልነበረ አንድ ¶ ብቻ ነበራቸው፣ እሱም በስፔስ ተተካ። እሱን በእጅ ነው፣ ፒዲኤፉን ጎን ከፍተህ በየርዕሱ መጨረሻ ኢንተር እየመታህ ሂድ፣ እግረ መንገድህን ሄዲንግ እያልክ ሰይማቸው።